አራት ማሲንቆ፣ ሦስት ሽማግሌ

የእህቴ ባል ደግፌ ሙዚቃ ያዳምጣል። "ታዲያ ማን የማያዳምጥ አለ?" ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ተዉኝ! እኛ ሬዲዮ ከፍተን ሽንኩርት እንከትፋለን፤ ደስ ሲለን እስክስታ እንላለን፤ ሲከፋን እናለቅሳለን፤ አለቀ። እሱ ሙዚቃ ሊያዳምጥ ሲል ፊቱን ይታጠባል፣ ሸሚዝ ይቀይራል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ መስኮቱን ሁሉ ይዘጋል። በእኛ ሰፈር መስኮት የሚዘጋው ከቆሼ፣ ከቆሻሻው ክምር በኩል ነፋስ ሲመጣ ነው። እሱ ግን አየሩ ጥሩ በሆነ ቀን ይዘጋና ሚስቱን "እሙ፣ ያን ማንኪያ!" ይላታል። እሙ ማንኪያ ባትይዝም ታስቀምጣለች።

እሙ ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ትርንጎ እባላለሁ፤ ባሌ ካረፈ ወዲህ ዘነበወርቅ እነሱ ግቢ ውስጥ ሰርቪሷን ይዤ እኖራለሁ። የእኔን አልጋና የእነሱን ሳሎን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ግድግዳ ከተባለ። ስለዚህ ደግፌ የሰማውን ሁሉ እኔም ሰምቼዋለሁ። እሱ ወዶ ነው፣ እኔ ተገድጄ።

አማቿ ስለሆነ ታማዋለች እንዳትሉኝ መጀመሪያ ደህናውን ልናገር። ደግፌ የመርሐቤቴ ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ መጥቶ ፒያሳ አንድ ሶፋ ቤት ተቀጠረ፣ ሙያውን ለመደ፣ ከዚያ አየር ጤና የራሱን ሱቅ ከፈተ። ሶፋ ላይ እጁ የተባረከ ነው። እሱ የሠራው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቶሎ አይነሳም፤ ይኼም ለባለቤቶቹ ሌላ ችግር ነው። አንዲት ልጁን ሉሲን አስተምሮ ፋርማሲስት አደረገ። ከእድር አይቀርም፣ ከለቅሶ አይቀርም፣ ሰው አይበድልም። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንደ ማንኛውም የሰፈር አባወራ ነበር።

ከዚያ አንድ ፈረንጅ መጣ። መጣ እንኳን አይባልም፣ ሊሄድ ነበር። አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ ሶፋዎቹን ለደግፌ ሸጠለት፤ በላዩ ላይ አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ ከነማጫወቻው ምርቃት ብሎ ጨመረለት። ሰው ምርቃት ሲሰጠው ሁለት ሎሚ ነው፣ አንድ እፍኝ ቃሪያ ነው። ለእህቴ ቤት የተመረቀላት ይኼ ሆነ።

ይኼም ባልከፋ። የባሰው የመጣው መሀል ከተማ አንድ የባህል ማዕከል "ሙዚቃን በጥሞና ማዳመጥ" የሚል ሥልጠና በነፃ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ የሄደ ጊዜ ነው። ጥቂት ቅዳሜዎች ሰለጠነ። በጥቂት ቅዳሜ ሰው መኪና ማቆም እንኳ አይማርም፤ እሱ አዲስ ጆሮ አብቅሎ መጣ። የተሳትፎ ምስክር ወረቀቱን ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሊሰቅል ሲል ትርፍ ሚስማር አጣ፤ የሠርጋቸውን ፎቶ አወረደና በቦታው ሰቀለው። እሙና ደግፌ በሙሽራ ልብሳቸው ቁም ሣጥን ላይ ተጋደሙ። እኔ ቁጣዬ አናቴ ላይ ወጣ። እሙ ግን "ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ" ብላ አቧራውን ጠረገችው፤ በቃ።

ነገርየውን ኳርቴት ይለዋል። አራት ሰዎች ናቸው የሚጫወቱት፤ ሁለቱ ቫዮሊን፣ አንዱ ቪዮላ፣ አንዱ ሴሎ። ቪዮላ ማለት ትንሽ ወፈር ያለ ቫዮሊን ነው። ሴሎ ማለት ደግሞ በጉልበት መሀል ተይዞ የሚያጉረመርመው ነው። ለእኔ ግን ያው አራት ማሲንቆ ነው፣ አዝማሪዎቹ አፋቸውን የታሰሩ። እንዲህ ስለው ደግፌ ይቆጣል። "ዘፈን አይደለም፣ እትዬ፤ ጨዋታ ነው፤ ውይይት ነው። አንደኛው ቫዮሊን ጭብጡን ያነሳል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ይከራከሩበታል።" መጀመሪያ ጭብጥ፣ ቀጥሎ ማፍታታት፣ ከዚያ ምልሰት፤ ሥልጠናው ላይ ያገኘው ይኼን ሦስት ቃል ነው፤ እስካሁንም አላለቀበትም።

"ታክሲ በይው፣ እትዬ" አለኝ አንድ ቀን። "ከአየር ጤና ይነሳል፤ ይኼ ጭብጡ ነው። ጦር ኃይሎች ይደርሳል፣ መንገድ ይዘጋበታል፣ ውስጥ ለውስጥ ይገባል፣ ይጠፋል፣ ተሳፋሪው ይጨነቃል፤ ይኼ ማፍታታቱ ነው። መጨረሻ ላይ ዞሮ አየር ጤና ይገባል። ያው አየር ጤና ነው፤ አንቺ ግን ሄደሽ የመጣሽ ሰው ነሽ፤ እንደ ድሮው አታይውም።"

"ታዲያ መጀመሪያውኑ አየር ጤና ለምን አልተቀመጥኩም?" አልኩት።

አዘነልኝ።

ምን ዋጋ አለው፣ በሽታው ከሳሎን ወጣ። የሁለት ጎረቤት ጠብ ሲሰማ ቆሞ "አሁን ማፍታታቱ ጀመረ" ይላል። ቄሱ ስብከት ሲያስረዝሙ "ምልሰቱ ዘገየ" ይላል። እድር ላይ ሊቀመንበሩ "ድንኳኑ ተቀዷል፣ ምን እናድርግ?" ብለው ሲጠይቁ ደግፌ ተነስቶ "ይኼ የመጀመሪያው ጭብጥ ነው፤ አሁን ሁለተኛውን ጭብጥ እንስማ" አለ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁለተኛ ጭብጥ የለም እኮ! ድንኳኑ ነው የተቀደደው!

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ራሱ ያዳምጣል ወይ? አያዳምጥም! የሚያናድደኝ ይኼ ነው። እሑድ ከሰዓት ሁላችንንም ሶፋ ላይ ይደረድረናል፤ "ጸጥ! አንዲት ኮሽታ እንዳልሰማ!" ይላል፤ ማጫወቻውን ይከፍታል፤ ከዚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወራው እሱ ነው። "ሰማችሁ? ያውና! ሴሎው ተቀበለው! አሁን ጨለም አደረገው! እያያችሁ ነው? ቆይ፣ ቆይ፣ ሊመለስ ነው... አልተመለሰም! አታለለን!" ውጪ ወያላው "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ብሎ ሲጮህ "ያለ ቦታው ገባ" ብሎ ወያላውን ይገመግማል። ጎረቤቶች አንድ ሁለት እሑድ እሙ ለምታቀርበው ዳቦ ሲሉ መጡ፤ ከዚያ ዳቦውም ይቅርብን አሉ። የቀረነው ማምለጫ የሌለን ነን።

እንደ አጋጣሚ አንድ እሑድ ሆዱን ቆርጦት ባኞ ቤት ገባና ቆየ። ያን ቀን ብቻ ሙዚቃው ያለ ደግፌ ሄደ። እሙና እኔ ብቻ ነበርን። እውነት እውነት ነውና ልናገር፤ ደስ ይል ነበር። አንዱ ከላይ ሆኖ ሲያንጎራጉር፣ ሌላው ከሥሩ እየተከተለ አንዳንድ ነገር ሹክ ይለዋል። እሙ ልብስ ማጠፏን ትታ፣ አንድ የደግፌን ካልሲ በእጇ እንደያዘች፣ "ያቺ ሁለተኛዋ ቫዮሊን አታሳዝንም?" አለችኝ። "ሁሌ መቀበል ብቻ።" ልመልስላት ስል ሰውየው ሱሪውን እየታጠቀ ወጣና "ምን አመለጠኝ? ምልሰቱ ላይ ደረሰ?" ብሎ ገባ። እሙ ካልሲውን አጠፈች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ የሉሲ ነገር።

ሉሲ ሠላሳን ተሻግራለች። መልኳ የእናቷ፣ ግትርነቷ የአባቷ ነው። ባምላኩ ከሚባል የመብራት ቴክኒሺያን ጋር ዓመታት ተዋደዱ፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። መሥሪያ ቤቱ ድሬዳዋ መደበውና ከዐቢይ ጾም በፊት ሥራ መጀመር አለበት ተባለ። አንድ ማታ ሉሲ እኔ ዘንድ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አክስቴ፣ በጥር ካልተጋባን ጾሙ ይገባል፤ ከዚያ እሱ ድሬዳዋ፣ እኔ እዚህ። እናቱ ደግሞ ከአሁን አሁን ሌላ ታጭለታለች። አባዬ ሽማግሌዎቹን በደንብ ይቀበልልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"አባትሽ ምን ይላቸዋል ብለሽ ነው? እንግዳ ይወዳል" አልኳት። እኔም ሞኝ።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሲመጣ አባት በመጀመሪያው ቀን "ሰጥቻለሁ" አይልም፤ ልጁን ያቀለለ ይመስላል። "ከዘመድ ልማከር፣ በዚህን ቀን ተመለሱ" ብሎ ቀን ይቆርጣል። ሽማግሌዎቹም መልሱ አዎ እንደሆነ ልባቸው እያወቀ፣ ያላወቁ መስለው ይሄዳሉ፤ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ልጅቷ ትሰጣለች። መልስ ሳይሰጣቸው ደግሞ እህል አይቀምሱም። ይኼን ከመርሐቤቴ የመጣ ሰው ሊያጠፋው አይችልም ብዬ ነበር።

ኅዳር መግቢያ ላይ ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት እሑድ ደረሰ። ጠዋት ደግፌ ሲዲዎቹን ሲያገላብጥ አገኘሁትና ደሜ ፈላ።

"ደግፌ፣ ዛሬ እንኳን ያን ነገር እንዳትከፍተው።"

"እንዲያውም ዛሬ ነው የሚከፈተው፣ እትዬ። ልጄን ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች የማን ቤት እንደገቡ ይወቁ።"

ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው አቶ ቃለጽድቅ የሚባሉ፣ ባርኔጣና ከዘራ ያላቸው፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የልጁ አጎት አቶ በዛብህ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ። ሦስተኛው ሐጂ ሰዓድ፣ የልጁ እናት ጎረቤት፣ የጨርቅ ነጋዴ፤ ልጁን እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉት። ደጃፉ ላይ በሥርዓቱ ቆመው "ቤቶች!" አሉ። ደግፌ ወጣ። አያቸው። በዓይኑ ቆጠራቸው።

"ሦስት ናችሁ?" አለ።

"አዎን፣ ሦስት ነን" አሉ አቶ ቃለጽድቅ።

"አራተኛውስ?"

ቱ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እሱ የልቡን ነው የተናገረው፤ "እናንተም እንደ ኳርቴት አራት ሆናችሁ ብትመጡ" ሊል ፈልጎ ነው፤ በኋላ ነግሮኛል። እነሱ ግን ይኼን በምን ያውቃሉ? ለሽማግሌ "አነሳችሁ" ማለት "ለልጄ የሚመጥን ሰው አጥታችሁ ነው?" ማለት ነው። የአቶ በዛብህ ፊት ጠቆረ። ሐጂ ሰዓድ "ኧረ ሦስትም ብዙ ነው" ብለው ሊያበርዱት ሞከሩ።

እንደምንም ገቡ፣ ተቀመጡ። አቶ ቃለጽድቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ..." ከማለታቸው ደግፌ እጁን አነሳ። "ጉዳዩ ይደርሳል፣ አባቴ። መጀመሪያ እናዳምጥ።" ተነስቶ ማጫወቻውን ከፈተ።

ለሽማግሌ ፈጣኑ አይሆንም ብሎ ዝግ ያለውን ነበር የመረጠው። አራቱ ማሲንቆዎች ቀስ ብለው፣ እየተጎተቱ፣ እንደ ደከመ ሰው እየተነፈሱ ጀመሩ። በአብዮቱ ዘመን የነበርን ሰዎች እናውቃለን፤ ማለዳ ሬዲዮ ሲከፈት ዜና የለ፣ ዘፈን የለ፣ እንዲህ ያለ የሚጎተት የክር ሙዚቃ ብቻ ከሆነ፣ ወይ ትልቅ ሰው ሞቷል ወይ መንግሥት ተገልብጧል። ሰው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ጤፍ ሊሸምት ይወጣ ነበር። ይኼ ሙዚቃ ለእኛ ለዚያ ዘመን ሰዎች አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

አቶ ቃለጽድቅ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። አቶ በዛብህ ጋቢያቸውን አዘቀዘቁ። ሐጂ ሰዓድ መዳፋቸውን ዘርግተው "ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። እሙ ማጀት በር ላይ ሆና ፈጣሪዋን ትለምናለች። ደግፌ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ አያቸውና ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "ገባቸው!" አለኝ። "እያቸው፣ እትዬ! ባርኔጣውን አወለቀ እኮ! የሰለጠኑት ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት።"

ሙዚቃው አለቀ። አቶ ቃለጽድቅ ብድግ አሉ።

"እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አሉ። "ሐዘን ላይ መሆናችሁን ብናውቅ በዚህ ጉዳይ ደጃችሁን አንረግጥም ነበር። ማን ናቸው ያረፉት?"

ደግፌ ደስ አለው። ስለ ደራሲው የጠየቁት መሰለው።

"እሱማ ካረፈ ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው!" አለ።

ሐጂ ሰዓድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ሁለት መቶ ዓመት! ድንኳኑ መቼ ሊነሳ ነው ታዲያ?" አሉኝ። ልስቅ ይሁን ልጮህ አላወቅሁም።

አቶ ቃለጽድቅ ትዕግሥት አላቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡና ነገሩን በሥርዓቱ ጀመሩ። "ልጃችን ባምላኩ፣ ልጅዎን ሉሲን ለትዳር ወዷልና፣ እንዲሰጡን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።" አጭር፣ ግልጽ፣ እንዲህ ነው ሽማግሌ። የደግፌም መልስ የታወቀ ነው፤ "ከዘመድ ልማከር፣ በዚህን ቀን ተመለሱ።" ሕፃን ልጅ ይመልሰዋል።

ደግፌ አገጩን ያዘ። "ጭብጡ ጥሩ ነው" አለ። "ግን አልተፍታታም። ገና ነው። እንዲሁ በአንድ ጊዜ አይደረስም።" ቀን አልቆረጠም፣ "ተመለሱ" አላለም፣ ምንም። ሦስቱ ሰዎች እህል ሳይቀምሱ ወጡ። አቶ በዛብህ ጋቢያቸው እንደተዘቀዘቀ ነው የሄዱት።

ሉሲ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"አባዬ፣ ምን አደረግክ?"

"ምን አደረግኩ? ይመለሳሉ" አላት። "ጭብጥ ከተነሳ ሳይመለስ አይቀርም። ካልተመለሰ እኮ ሙዚቃው አላለቀም ማለት ነው።"

ልጅቷ ያን ቀን ያለቀሰችውን እግዜር ይቁጠረው። እኔ በግድግዳው ሰማሁ። እሱ በዚያው ሳሎን ተቀምጦ ሁለተኛውን ክፍል አዳመጠ።

አልተመለሱም። እንዴት ይመለሱ? ሳምንት ሄደ፣ ሌላ ሳምንት ሄደ፣ ጾመ ነቢያት ገባ። "ሦስት ሽማግሌ አንሶት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለሞተ ሰው እያስለቀሰ፣ በረሃብ የሸኘ አባት" የሚለው ወሬ ከዘነበወርቅ ተነስቶ አየር ጤና ደረሰ፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ልጆች በከንፈራቸው ቫዮሊን እየተጫወቱ ያልፋሉ። ደግፌ ብቻ አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ! የባምላኩ እናት "ሌላ ቤት እንጠይቃለን" ብላ ማውራት ጀመረች። ሉሲ ምግብ ተወች። እሙ ሳህኑን እንደሞላ ታነሳለች፤ አንዳንዴ ማጀት ውስጥ ዝም ብላ ቆማ አገኛታለሁ።

አልቻልኩም፤ ነጠላዬን ለብሼ አቶ ቃለጽድቅ ቤት ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

"ማንም አልሞተብንም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ሰውየው ሙዚቃ ነው የያዘው።"

"ሙዚቃ? እኔ ደግሞ መጠጥ መስሎኝ ነበር።"

"መጠጥ ቢሆንማ ጠበል እንወስደው ነበር።"

ሳቁ፤ ተመስገን፣ ሳቁ። ከዚያ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። "ስለ ልጆቹ ብዬ አንድ ጊዜ እመለሳለሁ፣ ወይዘሮ ትርንጎ። አንድ ጊዜ። መልስ ይዤ ካልወጣሁ ሦስተኛ የለም። ልጁም ዕድሉን ሌላ ቦታ ይፈልግ፤ እናቱን ከዚህ በላይ አልይዛትም። ያ ነገር ደግሞ እንዳይከፈት።"

ደግፌን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ይኼ የመጨረሻው ነው፤ "አዎ" በላቸው፤ ሌላ ቃል አትጨምር፤ ማጫወቻውን ከነካህ እኔና አንተ አንተዋወቅም አልኩት። በሚካኤል ስም ማለልኝ። እውነትም መሐላውን ጠብቋል፤ ማጫወቻውን አልከፈተም። አፉን ነው የከፈተው።

ለሁለተኛ ጊዜ በመጡበት እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ገብተው ተቀመጡ። እሙ የጾም ወጡን አሰናድታ፣ ማስታጠቢያውን በአንድ እጇ፣ የውሃውን ጆግ በሌላው ይዛ ግድግዳው ሥር ቆመች፤ መልሱ ሲሰጥ ልታስታጥባቸው። ሉሲ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ናት፤ የጫማዋ ጫፍ ይታየኛል። አቶ ቃለጽድቅ "ባለፈው ላነሳነው ጥያቄ መልስ ልንሰማ መጣን" አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ደግፌ ፈገግ አለ።

"ያውና ምልሰቱ!" አለ። "አላልኳችሁም? አልኳት እኮ ለልጄ፣ ይመለሳል ብዬ!" ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጀመረላችሁ። "ባለፈው የመጣችሁት የመጀመሪያው ጭብጥ ነበር። እኛ ዝም አልን፤ እሱ ሁለተኛው ጭብጥ ነበር። በመሀል ትንሽ ቅሬታ ነበረ ሲሉ ሰማሁ፤ እሱ ማፍታታት ነው፤ ግድ ነው፤ ቅሬታ የሌለው ማፍታታት የለም። አሁን ተመለሳችሁ። ግን የተመለሳችሁት በዚያው ድምፅ ነው ወይስ ተለውጣችሁ? ይኼ መታየት አለበት። አንዳንድ ምልሰት አለ፣ የውሸት ነው፤ የደረሰ ይመስላል፣ አልደረሰም..."

አቶ በዛብህ ሰዓታቸውን አዩ። ሐጂ ሰዓድ ጣሪያውን አዩ። እኔ በዓይኔ ልገድለው ሞከርኩ፤ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ምን ያያል! እሙ ከባዱን ጆግ ወደ ደረቷ አስጠጋች። የሉሲ ጫማ ከመጋረጃው ሥር ወደ ኋላ ተሳበ።

"ስለዚህ" አለ ደግፌ፣ "እኔ የሚመስለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካልተጣደፈ ነው የሚያምረው። ከፋሲካ በኋላ፣ ረጋ ብለን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ብንገናኝ..."

አቶ ቃለጽድቅ ከዘራቸውን ጨበጡ። ሊነሱ ነው። አበቃ አልኩ፤ የልጅቷ ነገር አበቃ።

"ሰጥተናል።"

ድምፁ አልጮኸም። ረጋ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ እኔ ራሴ ከልጅነታችን ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነበር። በወጉ የልጅቷ እናት ሽማግሌ ፊት ቃል አትናገርም፤ እህቴ ደግሞ እንኳን ሽማግሌ ፊት፣ እኔም ፊት ድምፅ የላትም።

"ልጃችንን ሰጥተናችኋል" አለች እሙ። "ሠርጉ በጥር ይሁን። መርቁልን።"

አቶ ቃለጽድቅ አንድ አፍታ አዩአት። ባርኔጣቸውን አወለቁና "ይባርካችሁ! ይባርካቸው! ወልደው ይሳሙ!" አሉ። እኔ እልልታዬን ለቀቅሁት። ሉሲ መጋረጃውን ልትገነጥለው ምንም አልቀራትም፤ ሮጣ ወጥታ የእናቷን ጉልበት ስማ እዚያው እግሯ ሥር ቀረች። ሐጂ ሰዓድ ዓይናቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ፤ አቶ በዛብህም ሳቁ።

ደግፌ ዓይኑን ገለጠ። ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ወደ እኔ አየ። ዞሮ ማጫወቻውንም አየው፤ ጠፍቷል።

"አሁን የተናገረው ማን ነው?" አለ።

"ባለቤትዎ ናቸው፣ አቶ ደግፌ፤ ይተዋወቁ" አሉት አቶ ቃለጽድቅ፤ እጃቸውንም ለመታጠብ ወደ እሙ ዘረጉ።